የአገርነሽ ድንጋይ

ጥቅምት 8 ቀን 1975

ስኳር ገብቷል ተባለ። አገርነሽ ማታውኑ ድንጋይዋን አስቀምጣ ነበር።

በኛ ቀበሌ ሱቅ ደጅ ሰው አይሰለፍም፣ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ማን ቆሞ ያድርበታል? ድንጋይህን ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ ታኖርና ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ። ሱቁ ሲከፈት መጥተህ ድንጋይህ ጋ ትቆማለህ። የሰው ድንጋይ የሚነካ የለም። ዶሮ የሚሰርቅ ሰው አውቃለሁ፣ ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ግን አላየሁም። ስንት አዋጅ ታወጀ፣ ስንቱ ተረሳ… ማንም ያላወጀው ይኼ አንዱ ብቻ ይከበራል።

የአገርነሽ ጥቁር ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ከወንዝ የወጣ። የጎረቤታችን የአስካለችም ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ከዚያው ወንዝ የወጣ። አንድ ቀን አብረው ወርደው ነው ያመጡት። እኔ አልለያቸውም። እነሱ ግን እንደ ልጆቻቸው ይለዩዋቸዋል።

ይለዩዋቸው ነበር ልበል? ዛሬ አገርነሽ የአስካለች ድንጋይ ጋ ሄዳ ቆመች። ሰው ሳቀ። አስካለች አልሳቀችም፣ እጇን ይዛ ወደ ቦታዋ መለሰቻት።

ቤት ስትገባ፣ "ድንጋይሽ አኩርፎ ቦታ ቀየረ እንዴ?" አልኳት።

"ያንተ አፍ መቼም ፍሬን የለው" አለች።

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ስነዳ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ስወርድ፣ ፍሬን በጥሶብኝ አያውቅም። የበጠሰው አፌ ነው። ግን ስኳሩን ስትገለብጥ አየኋት… ከጣሳው ውጪ ነው ያፈሰሰችው።

ጥቅምት 9

ሦስት ጣቴን ዘረጋሁላት። ስንት ነው?

"መጀመሪያ ጥፍርህን ቁረጥ" አለች።

አላየችም። ሞራው ሁለቱንም ዓይኗን ይዞታል። ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ለሚመጣው ዓመት ተመለሱ አሉን። እዚያስ ድንጋይ አስቀምጠን እንመጣ ነበር… አይቀበሉም።

ጥቅምት 21

ከመሠረት ካሴት መጣ። መሠረት የመጨረሻ ልጃችን ናት። ካዛንችስ ጋራዥ የነበረው አንድ የማልታ ሰው ቤት ልጆች ታሳድግ ነበር። ጋራዡ ተወርሶ ሰውዬው አገሩ ሲመለስ ልጆቹ ያለሷ አንሄድም ብለው አለቀሱ። ሄደች። ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው። ማልታ ደሴት ናት፣ የጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት። ውዴ ካርታ ላይ ስትፈልግ ቆይታ አንዲት ነጥብ አገኘች። ደስ አለን። በኋላ ነጥቧ የዝንብ ኩስ ሆነች።

ውዴ የልጅ ልጄ ናት። አባቷ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ይሠራል፣ እሷ እኛ ጋ ሆና ኮተቤ መምህርነት ትማራለች። ቴፑን ከጎረቤታችን ከሁሴን ተውሳ አመጣች፣ ተቀመጥን።

እናቷ ኑሮውን ንገሪኝ ብላ አስልካባት ነበር፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። ዳቦው ርካሽ ነው፣ መንግሥት ዋጋ ቆርጦለታል። ክብ ነው፣ ቅርፊቱ ጥርስ ይፈትናል። ሥጋ የእሑድ ነው። ጥንቸል ይበላሉ… እዚህ ላይ አገርነሽ አማተበች። የቤት ኪራዩ ደመወዟን ይዞ ይሄዳል፣ የተረፋትን የኤሌክትሪክ ይቀበላታል። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ይላል፣ በበጋ እሱም ይጠፋል። ላምባ በመኪና እየዞረ ይሸጣል። ቸኮላት ከውጭ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የጥርስ ሳሙናውም ያገር ውስጥ ነው፣ ኖራ ኖራ ይላል። ዛፍ እንደኛ የለም። ቅጠል ለቅሞ እሳት መለኮስ የለም። ጎረቤት እሳት ጫሪልኝ የሚባልበት አገር አይደለም።

"በነጻ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው እማዬ። ቤቱ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ እርሻው ድንጋይ።"

"ታዲያ ለወረፋ የተመቸ አገር ነዋ" አለች አገርነሽ።

ከዚያ የመሠረት ድምፅ ተለወጠ። የአሠሪዋ ወንድም የዓይን ሐኪም ነው። እናትሽን አምጪያት፣ ሞራውን እገፍላታለሁ፣ ገንዘብ አልፈልግም ብሏታል። የአውሮፕላኑን እሷ ትችላለች። "ሳታዪኝ ዓይንሽ እንዳይጠፋ እማዬ…" አለች። ካሴቱ ተንቋቋ። አለቀ።

ውዴ ካሴቱን ገልብጣ ሌላውን ወገን አጫወተች። ባዶ ነው። ባዶውን እስከ መጨረሻው ሰማነው።

ጥቅምት 23

ሁሴን ቴፑን ሊወስድ መጣ። ጉርድ ሾላ ክርና ቁልፍ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ከስልጤ መጥቶ ጎረቤቴ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሃያውንም ዓመት ተሰዳድበናል። የማልታ ሰዎች ክርስቲያን ናቸው፣ እግዜርን ግን አላህ ነው የሚሉት ብላለች መሠረት አልኩት። አላመነም። ካሴቱን አስደግሞ ሰማ።

"በል ለይኩን፣ ጊዜ ሳለህ ስገድ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ኅዳር 4

ቀበሌ ሄድኩ። የመውጫ ቪዛ ለመጠየቅ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ፍሥሐ ነው፣ የአስካለች ልጅ። ልጅ ሆኖ አጥር ዘሎ የጓሮዬን ኮክ ይጨርስ ነበር። ዛሬ ቁጭ ይበሉ አላለኝም፣ ቆሜ እንድናገር ተወኝ።

በሳምንቱ እሑድ የውይይት ክበብ አለ። ርእሱ በካፒታሊስት አገሮች ያለው የኑሮ ውድነት ነው። እርስዎ ይመስክሩ አለኝ። ልጅዎ ዳቦ እንዳጣች፣ እንደተራበች፣ እንደምትሰቃይ ለሰፊው ሕዝብ ይንገሩ። ደብዳቤው ሰኞ ይፈረማል።

"እዚያም የሚገዛው የሠራተኛ ፓርቲ ነው ብላለች ልጄ" አልኩት።

ግራ ገባው። ወረቀቱን አየ፣ ጣራውን አየ።

"ይኼንን አይናገሩ" አለኝ።

ለአገርነሽ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። አንዲት ውሸት ናት አልኳት፣ ስንት ውሸት በከንቱ ተናግሬ የለ? በዚችኛዋ ዓይን ይገዛባታል።

"ልጄን ለማኝ አድርገህ ዓይን አትግዛልኝ" አለች። "መጥፋቱ ካልቀረ ይጥፋ።"

እንዲህ ስትል ፊቷ ወደ እኔ አልነበረም፣ ወደ በሩ ነበር። እኔ ያለሁት በር ጋ መስሏት።

ኅዳር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ያውም ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አከማችቶ የሚያነድበት ቀን። እነሱ ደግሞ ስብሰባ ጠሩ። አዳራሹ በጭስ ታፍኖ ግማሹ ሰው ያለቅሳል። የኢምፔሪያሊዝም ግፍ ያስለቀሰው ይመስል ነበር።

ፍሥሐ ጠራኝ። ተነሣሁ። ምን እንደምል አስቤ አልሄድኩም፣ እንደዚያ ነው እንዲጻፍልኝ የምፈልገው። ሐሰት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አስቤበታለሁ።

መጀመሪያ ዋጋውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ካሴቱ እንዳለው። ኪራዩን፣ ጨዋማውን ውኃ፣ ጥንቸሉን። ፍሥሐ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

"ልጄ ግን አልተራበችም። እዚያ ዳቦው አለ፣ መግዣው ያጥራቸዋል። እኛ ጋ መግዣውን ይዘን ዳቦው ያጥረናል። ስለዚህ እኩል ነን፣ ጓዶች።"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። ዞርኩ። አስካለች ናት፣ የሊቀመንበሩ እናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትንፈቀፈቃለች። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ።

አገርነሽ ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ ነበር። "ፍሬን የለህም" አለች። እንደ ስድብ አልነበረም።

ኅዳር 13

ደብዳቤው አይጻፍም። "የከረመ አድኃሪ ነዎት" አለኝ ፍሥሐ። ኮኩን ስትሰርቅ ግን አንተ ተራማጅ ነበርክ አልኩት። አስወጣኝ።

ሰፈሩ እስከ ቀትር ሁሉንም ሰማ።

ኅዳር 22

ስኳር። አገርነሽን ይዤ ሄድኩ። የሆነውን ልጻፈው።

ሱቁ ሲከፈት ሁሉም ድንጋዩ ጋ ቆመ። አስካለችም ድንጋይዋ ጋ ቆመች። ኋላዋ ያለችው ሴት አልፋት ሄደች። የሚቀጥለውም። የሚቀጥለውም። ድንጋይዋን የነካው የለም፣ የሰደባትም የለም። ብቻ እዚያ ቦታ ምንም እንደሌለ ሆነው አለፉ። ይኼ የኔ ድንጋይ ነው አለች። አንዷ፣ የቱ? እኔ ድንጋይ አላየሁም አለቻት። ልጅሽ የሰው ዓይን ከከለከለ እኛም ያንቺን ድንጋይ አናይም ማለታቸው ነው። ተራዋ ሳይደርስ ስኳሩ አለቀ።

በሆዴ ሳቅሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ሳቅሁ። እሰይ አልኩ።

አገርነሽ ምንድነው የሚንሾካሾኩት አለችኝ። ነገርኳት። ቆመች። "የማላይ እኔ ብቻ መስሎኝ" አለች ጮክ ብላ። ሁሉም ሰማት። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳብሳ ድንጋዩን አነሣች፣ ቤት ውሰደኝ አለችኝ።

ቤት ገብተን ከደረሰን ስኳር እኩሌታውን በጣሳ ለካች። በእጇ ነው የምትለካው አሁን። ለአስካለች አድርስ አለችኝ። እኔ? ለሱ እናት? አንተ፣ ለጓደኛዬ አለች።

ወሰድኩ። አስካለች በሩን ከፍታ ጣሳውን ተቀበለች። እኔ ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።

ኅዳር 25

አስካለች ጣሳችንን ልትመልስ መጣች። የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፣ የሆነ ነገር ጣል ይደረግበታል። ሽንኩርት ይሆናል ብዬ እጄን ሰደድኩ። ወረቀት ነው። ማኅተም ያለበት። ደብዳቤው።

ምን አድርገሽው ነው አልኳት።

"ምሳ ብሎ ሲመጣ እንደ ሱቁ አደረግኩት" አለች። "አልቋል፣ ነገ ተመለስ። ማታ ሲመጣ፣ ካርድህስ? በሦስተኛው ቀን ፈረመ።"

አገርነሽ ሳቀች፣ አስካለች ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ እንጨት ልፍለጥ ብዬ ወጣሁ። የሚፈለጥ እንጨት አልነበረም።

ታኅሣሥ 19

ኢሚግሬሽን ስንመላለስ ሰነበትን። ሦስት ወር ፈቀዱላት። ዋስ ያስፈልጋል፣ ቤት ያለው። ባልየው አይሆንም፣ ባልየው እዚሁ እንዲቀር ነው የሚፈልጉት፣ መያዣ። በዚህ ዕድሜዬ የምያዝበት ዋጋ አለኝ ማለት ነው።

ሁሴን ቤቱን አስይዞ ፈረመ። ሳልጠይቀው። ካልተመለሰች ቤቱ ይሄዳል።

"ካልተመለሰችስ?" አልኩት ስንወጣ።

"አንተን ለመገላገል ብላ ከቀረች አልፈርድባትም" አለኝ።

ጥር 6

ዛሬ ሄደች።

ቦሌ ድረስ አራት ሆነን ሸኘናት። ውዴ እቃዋን ይዛ፣ አስካለች በርበሬውን ይዛ፣ ሁሴን ባዶ እጁን። እኔ እጇን። በሕይወቴ የኖርኩበት መንገድ ሁሉ መሬት ነው… እሷን ግን በሰማይ ሰደድኩ። አንዲት የአየር መንገድ ልጅ ክንዷን ይዛ እስከ ውስጥ አደርሳቸዋለሁ አለች።

አንድ ነገር ልላት ነበር። ምን እንደሆነ አሁንም አውቀዋለሁ። "ጥንቸል እንዳትበዪ" አልኳት።

"ቦታዬን እንዳታስወስድ" አለች። ከቤት ስንወጣ ድንጋይዋን ከደጃፍ አንሥታ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ነበር። ኪሴ ውስጥ አልገባ ብሎ ቦሌ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ። ሰው ያየኛል… ሽማግሌ፣ ድንጋይ የታቀፈ።

ጥር 12

የሚካኤል ታቦት ገባ። ለሁለት ሰው ተሳለምኩ። ቤቱ ሰፍቷል።

የካቲት 7

አሁን የምሰለፈው እኔ ነኝ። በሴቶቹ መካከል ብቸኛው ሱሪ ለባሽ። ውዴ ተው አባባ፣ እኔ እሰለፋለሁ ትላለች፣ ትማርበት።

ሁለት ድንጋይ ነው የማስቀምጠው። የአገርነሽን ጥቁሩን ከፊት፣ ከኋላዋ ከእንጦጦ መንገድ ያነሣሁትን የኔን። የሷ ተራ ሲደርስ፣ እሷ መንገድ ላይ ናት፣ እለፉ እላለሁ። የምወስደው በኔ ድንጋይ ብቻ ነው፣ በአንድ ካርድ። በሷ ቦታ ቅንጣት ስኳር አልወሰድኩም። ቦታዋ ግን አይወሰድም።

ፍሥሐ ካርዳችንን አስመጥቶ የቤተሰብ ብዛት ሦስት የሚለውን ሰርዞ ሁለት አደረገ። በውጭ አገር ላለ ሰው ራሽን የለም አለ። ልክ ነው፣ ልክነቱን አልካድኩም። ስለ ድንጋዩ ግን በካርድ ላይ የተጻፈ ነገር የለም አልኩት።

ሽሮ አሳረርኩ። ሁለተኛዬ ነው። ውዴ በላች፣ ምስጋና ይድረሳት።

መጋቢት 16

ሁሴን ሱቅ ስልክ ተደወለ፣ ልጅ ላከብኝ፣ እየሮጥኩ ጉርድ ሾላ ደረስኩ። ሮጥኩ ስል እንደ ሽማግሌ ነው።

አገርነሽ ናት። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። ቀኝ ዓይኗ ተገፏል። መሠረትን አየቻት፣ ሸብታለች አለችኝ፣ ልጄ ሸብታለች። ኑሮው ውድ ነው፣ ቲማቲሙን በዓይኔ እያየሁ ነው የምመልሰው አለች። በዓይኔ የሚለውን ረገጥ አድርጋ።

ግራው ቀርቷል። ሐኪሙ ከነሱ ፋሲካ በፊት አይሆንም፣ ቀኙ ይርጋ ብሏል። ሦስት ወሩ ያልፋል።

"ምን ላድርግ?" አለች።

ሁሴን አጠገቤ ቆሟል። ቤቱ በሷ ላይ ነው። ላስፈቅደው ይገባኝ ነበር። አላስፈቀድኩትም። "ሁለቱንም ይዘሽ ነይ" አልኳት፣ ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ነገርኩት። ቁልፎቹን በቀለም ሲለይ ቆየ።

"በአንድ ዓይን ብታይህ ያው ትመለስ ነበር" አለ። "በሁለት ካየችህ ነው የሚያሰጋኝ።"

ወዳጅ እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 8

ቀኑ ካለፈ ሁለተኛው ቀን። ፍሥሐ ሱቁ ድረስ መጣ፣ ከሁለት አብዮት ጠባቂ ጋር። በሰልፉ ፊት ቆሞ ሴትዮዋ ከድታለች አለ። የከዳ ሰው በዚህ ቀበሌ ቦታ የለውም። ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን ድንጋይ አነሣና ወረወረው። ቦይ ውስጥ ገባ።

ድንጋይ ሲነካ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። የሁሉም ነው። ሰው ሁሉ ቀዘቀዘ።

አስካለች ከሰልፉ ወጣች። ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ገባች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ። ድንጋዩን ፈልጋ አወጣችው። በነጠላዋ ጠረገችው… በነጠላዋ። ከድንጋዬ ፊት መልሳ አስቀመጠችው። ልጇን አላየችውም። ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አንድም ሰው ቦታውን አልለቀቀም። ፍሥሐ ጠባቂዎቹን ይዞ ሄደ።

ሚያዝያ 18

ሁሴንን ጠርተውት ዋለ። ሲመሽ ተመለሰ። እስከ ግንቦት አሥር ነው የሰጡት፣ ከዚያ ቤቱን ይመዘግባሉ። አስፈራሩህ ወይ አልኩት። ወንበር ሰጡኝ፣ ካንተ ይሻላሉ አለኝ።

ሚያዝያ 30

ፋሲካ። ውዴ ዶሮውን ሠራች፣ ጎበዝ። አስካለች ከእንቁላሉ አንዱን ለአገርነሽ ተይ አለቻት። ተውነው።

ብትቀርስ? ለራሴ ልጠይቀው፣ ሌላ ሰው አይሰማ። ዳቦው እዚያ አለ። ስኳሩ ያለ ድንጋይ ይገዛል። ልጇ እዚያ ናት። እዚህ ያለው ማነው? ሽሮ የሚያሳርር ሽማግሌ። እኔ ብሆን እመለስ ነበር?… አላውቅም። አትመለሺ ባልኳት ኖሮ የሚል ሐሳብም መጣብኝ። የሁሴን ቤት ባይኖርበት እል ነበር። እንቁላሉን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ።

ግንቦት 5

መጣች።

ማንም አልነገረን። ስልክ ልደውል ብላ አልሳካ ብሏት ተወችው። በታክሲ እስከ ሚካኤል፣ ከዚያ በእግሯ፣ ብቻዋን፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየዘለለች። ደጅ ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ቁልቁል አየችኝ። ለረጅም ጊዜ።

"አርጅተሃል" አለች።

"ስትሄጂ ልጅ ነበርኩ" አልኳት።

ቤቱን ዞራ አየች። ያረረውን ድስት አየች። የሸረሪቱን ድር በጣቷ አሳየችኝ። ሁለቱም ዓይኗ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ጥንቸል በልተሻል አልኳት። አልመለሰችልኝም… በልታለች። በዚህ እስክሞት አሾፍባታለሁ።

ሁሴን ሰምቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ እንኳን ደህና መጣሽ አለ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ሄደ። ጉንፋን የለበትም።

ግንቦት 8

ስኳር። ጧት አብረን ወረድን። ሴቶቹ እየሳሟት መንገድ አላስኬድ አሉን። ድንጋዮቹ እንደተሰለፉ ናቸው፣ ማታ አስቀምጬላታለሁ፣ ጥቁሩ ከፊት፣ የኔ ከኋላ። እየተኩራራሁ ነው። አራት ወር ቦታሽን ጠበቅሁ አልኳት።

ጎንበስ ብላ አየችው። አነሣችው፣ ገለበጠችው።

"ይኼ የኔ አይደለም" አለች። "የአስካለች ነው።"

እኔ አላመንኩም። ወደ ኋላ ሄደች፣ አስካለች ከቆመችበት ጥቁሩን ድንጋይ አነሣች። ይኸው፣ ጠርዙ የተሸረፈው የኔ ነው አለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። እውነትም አይመሳሰሉም። ዓይን ያለኝ እኔ ሆኜ ስንት ዓመት አላየሁም።

አስካለች ሳቀች። ያን ሴቶቹ ያለፉኝ ቀን በዳበሳ የኔን ይዘሽ ገባሽ አለች። ልነግርሽ አልኩ፣ ማታውኑ ስኳር ላክሽልኝ። ዝም አልኩ። ያንቺ እኔን ይዞ ይቆይ፣ የኔ አንቺን ብዬ።

ፍሥሐ ሱቁ በር ላይ ካርድ እያየ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ቦይ የወረወረው የማንን እንደነበር ገባው፣ ፊቱ እስከ ጆሮው ተለወጠ። እኔ አፌን ከፈትኩ። አገርነሽ ክንዴን ጨበጠችኝ፣ ፍሬን ያዝኩ። አንድ ጊዜ፣ ለሷ ስል።

ካርዳችንን ተቀብሎ ሁለቱን ሰረዘ፣ ሦስት ብሎ ጻፈ። እናቱ ጽሕፈቱ እስኪደርቅ ቆማ አየችው።

ሴቶቹ ድንጋዮቻቸውን አልተለዋወጡም። ይሁን፣ ለምደናቸዋል አሉ።

ከሰዓት በኋላ አገርነሽ ሻንጣዋን ስትፈታ ከልብሷ መሐል አንድ ነገር በፎጣ የተጠቀለለ አወጣች። ድንጋይ። ቢጫ፣ የማር ቀለም ያለው፣ አራት ማዕዘን። ከመሠረት ቤት አጥር የወደቀ ነው። ምን አመጣሽልኝ ስትለኝ የምሰጥህ ይኼ ነው፣ በዚያ አገር ያልተከፈለበት ይኼ ብቻ ነው አለች።

"ለምኔ ነው?" አልኳት።

"ወረፋውን ለምደኸዋል። እኔ አራት ወር ዓይን ስገዛ ደክሞኛል።"

ነገ ላምባ ይመጣል አሉ። አሁን ሄጄ ቢጫውን ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ አስቀምጬው ተመለስኩ። ከላይ ከመታጠፊያው ዞሬ አየሁት። ከሁሉ ተለይቶ ይታያል። ይድፈር፣ የሚነካው ካለ።